ኒኮላይ ቫቪሎቭ፡- ለሐበሻ ስንዴ ሲል ባሕር የተሻገረው ሊቅ

በ1919 ዓ.ም የ39 ዓመቱ ሩሲያዊ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የበቅሎ ጓዙን አስከትሎ የኢትዮጵያን ደጋ ያቋርጥ ነበር። ወርቅም የዝሆን ጥርስም አልፈለገም። በየማሳውና በየገበያው እየቆመ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍና ተልባ በትንንሽ ከረጢት ይሰበስብ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋግረውታል፤ ጉዞውም በጎንደር አድርጎ አሥመራ ደርሷል።

ቫቪሎቭ በ1880 ዓ.ም ሞስኮ ውስጥ ተወለደ፤ ትምህርቱም ግብርና ነበር። በኋላ በሌኒንግራድ የዕፅዋት ተቋም መሪ ሆኖ የዓለምን አዝመራ ዘር ለማሰባሰብ ተነሣ፤ ዓላማው ሀገሩን ከረሃብ ማውጣት ነበር።

ስንዴን ከስንዴ ለመለየት ዛላውን መመልከት ብቻ አይበቃም። በማደግ ላይ ያለ የሥር ጫፍ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ህዋሶቹ ሲከፈሉ ይገኛሉ። አንድ ህዋስ ሊከፈል ሲል በኒውክለሱ ውስጥ ተበትኖ የነበረው የዘር ክር ተጠቅልሎ ይወፍራል፤ ክሮሞሶም የሚባለውም ይኸው ነው። እያንዳንዱ ክሮሞሶም አስቀድሞ ተባዝቶ መንታ ሆኗል። ከዚያ የኒውክለሱ ሽፋን ይፈርሳል፤ ክሮሞሶሞቹ መሐል ላይ ይሰለፋሉ፤ መንቶቹም ተላቅቀው ወደ ሁለት ጫፍ ይሳባሉ። በየጫፉ አዲስ ኒውክለስ ይሠራል፤ የአንዱም ድርሻ ከሌላው አያንስም። ክሮሞሶሞቹን ለይቶ መቁጠር የሚቻለው በዚያች አጭር ጊዜ ነው።

ቆጠራው ለገበሬው ሩቅ ነገር አይደለም። የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞሶም አለው፤ የሐበሻ ስንዴ እየተባለ በዋልካ መሬት ሲዘራ የኖረው የዱረም ስንዴ ደግሞ 28። ገብስ 14፣ ጤፍ 40 ነው። ሁለቱ ስንዴዎች ቢዳቀሉ ዲቃላው ከአንዱ 21 ከሌላው 14፣ በድምሩ 35 ይወርሳል። የአበባ ብናኝ ሲያዘጋጅ 7ቱ ጓደኛ ያጣሉ፤ ስለዚህ ፍሬ የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ጎን ለጎን የሚቀርቡ ሁለት የስንዴ ቁናዎች ይህን ያህል ይራራቃሉ።

ቫቪሎቭ ባለ 28 ክሮሞሶሙ ስንዴ በኢትዮጵያ ብዙ መልክ ይዞ ሲያገኘው ተደነቀ። ጺም የሌለው ዱረም ሊኖር እንደሚገባ አስቀድሞ ገምቶ ነበር፤ እሱንም እዚሁ አገኘው። ኢትዮጵያን የዚህ ስንዴ መነሻ ማድረጉ ግን የችኮላ ፍርድ ነበር። ስንዴው መጀመሪያ የለማው በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑ ኋላ ታውቋል፤ የኢትዮጵያ ገበሬ ድርሻ ማብዛትና መልክ መስጠት ነው፤ ያም ቀላል አይደለም።

ሀገሩ ሲመለስ ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ባላንጣ ተነሣበት። ሊሴንኮ ውርስ በክሮሞሶም ይተላለፋል የሚለውን ትምህርት ናቀ፤ ስታሊንም ደገፈው። ቫቪሎቭ ቃሉን አላጠፈም። ሐምሌ 30 ቀን 1932 ዓ.ም ዘር ፍለጋ ላይ ሳለ ተያዘ። ሀገር በማፍረስ ተከስሶ ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። ጥር 18 ቀን 1935 ዓ.ም በሳራቶቭ እስር ቤት፣ ሰውነቱ በረሃብ አልቆ አረፈ።

በዚያው ጦርነት ሌኒንግራድ ተከብባ ሳለ የተቋሙ ሠራተኞች የሰበሰበውን ዘር ይጠብቁ ነበር። ከእነሱም በረሃብ የሞቱ አሉ፤ እህሉን ግን አልነኩትም። ቫቪሎቭ በ1947 ዓ.ም ከክሱ ነጻ ተባለ። ተቋሙ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ከኢትዮጵያ ማሳ የወሰደው ዘርም እዚያ ተቀምጧል።