መስማትን የሚያውቁ ደራሲ



ዛሬ የምናስታውሳቸው ሰው ካረፉ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ነበሩ። በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና ከደጀናችን ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ የአብነት ትምህርት ተማሩ። በቅኔ ቤት መምህሩ ሲነግሩ ተማሪው በጆሮው ይቀበላል፤ ሰምቶ ያልያዘ የራሱን ቅኔ ሊቈጥር አይችልም። ሐዲስም ከመናገር በፊት መስማትን የለመዱት በዚያ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ከዚያም በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ተምረው መምህር ሆኑ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ጣሊያን ተጋዙና ለዓመታት በግዞት ቆዩ። ከነጻነት በኋላ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል።

ይህን ሁሉ ማዕረግ ያዩት ሰው በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ የጎጃምን ገበሬ፣ የቆሎ ተማሪና የባላባት ቤት አነጋገር በመጽሐፍ አኖሩልን። ይህን አነጋገር በጽሞና ያላደመጠ ሰው እንዲህ አድርጎ ሊጽፈው አይችልም።

መጽሐፉ ራሱ አለመስማት የሚያመጣውን ጉዳት ያሳየናል። ካሣ ዳምጤ የልማዱን ክፋት ቢናገር «ጉዱ» የሚል ስም ወጣለት፤ እንደ እብድ ስለታየም ቃሉን የሚመዝንለት ጠፋ። ገበሬዎቹ ግብሩ በዛብን ቢሉ ፊታውራሪ መሸሻ ጆሯቸውን ነፈጓቸው፤ በሽምግልና ሊያልቅ ይችል የነበረው ነገር በጦር አለቀ፤ ፊታውራሪውም ተማረኩ። የሰብለ ወንጌልን ልብ ሳይጠይቁ ስለ ጋብቻዋ ሌሎች ይወስኑ ነበር፤ የሁሉም መጨረሻ መቃብር ሆነ።

በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርክ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ጉዱ ካሣን ዲማ ባይሰማው ኢትዮጵያ ሰማችው።

እኛስ? በስብሰባችን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠችው እኅት ሁለት ቃል ጀምራ ስትቋረጥ ምን እናደርጋለን? ዝም ማለት ብቻውን መስማት አይሆንም፤ መልስ እያዘጋጀ ተራውን የሚጠብቅም ዝም ይላልና። እንግዲህ ተናጋሪው እስኪጨርስ እንታገሥ፤ ከመመለሳችን በፊትም ሐሳቡ በትክክል የገባን መሆኑን እንጠይቀው። በመካከላችን «ጉዱ» የምንለው ቢኖር፣ የመጀመሪያውን ተራ ለእርሱ እንስጠው።