ቦብ ዳግላስና «ሬንስ»

ሮበርት ዳግላስ፥ በተለምዶ አጠራሩ ቦብ፥ በ1882 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በካሪብያን ባሕር በምትገኘው በሴንት ኪትስ ደሴት ተወለደ። በወጣትነቱ ኒው ዮርክ ገብቶ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ባየ ጊዜ ልቡ በዚያው ቀረ። ከጓደኞቹም ጋራ «ስፓርታን» የተባለ የአማተር ክበብ አቋቋመ።

በ1923 ዓ.ም. ለተጫዋቾቹ ደመወዝ የሚከፍል ቡድን ለማቆም ተነሣ፤ ችግሩ መጫወቻ ቦታ ነበር። በሐርለም ሰፈር «ሬኔሳንስ» ከተባለው የጭፈራ አዳራሽ ባለቤት ጋራ ተዋዋለ፤ አዳራሹ ለቡድኑ ሜዳ ሊሆን፥ ቡድኑም ማስታወቂያ እንዲሆንለት በአዳራሹ ስም ሊጠራ። ዳግላስ «ስፓርታን»ን ይመርጥ ነበር። እንግዲህ ትርጉሙ ኅዳሴ የሆነው ያ ታላቅ ስም የተገኘው በአዳራሽ ውል ነው! ሕዝቡም አሳጥሮ «ሬንስ» አለው። ጨዋታው ሲያበቃ በዚያው ወለል ላይ ዳንስ ይቀጥላል።

ባለቤቱም ተጫዋቾቹም ጥቁሮች የሆኑበት የመጀመሪያው ሙሉ ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ቡድን ይህ ነው። እንጀራው ግን በአውቶቡስ ከከተማ ወደ ከተማ መዞር ነበር። ብዙ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ጥቁር አናስተናግድም ስለሚሉ፥ ተጫዋቾቹ የቀዘቀዘ ምግብ በልተው ማደሪያ ፍለጋ ሩቅ መንገድ የሚጓዙበት ሌሊት ብዙ ነበር። በዚህ ሁኔታ በ1933 ዓ.ም. በ86 ቀን ውስጥ 88 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ። ጨዋታው ከቀኑ መብለጡን አንባቢ ልብ ይሏል።

በ1939 ዓ.ም. በቺካጎ በተደረገው የዓለም ፕሮፌሽናል ውድድር ሐርለም ግሎብትሮተርስን 27 ለ 23፥ በፍጻሜው የነጮቹን ቡድን ኦሽኮሽ ኦል ስታርስን 34 ለ 25 ረቱ። ዳግላስ ለሽልማት ባሰፋላቸው ጃኬት ጀርባ ላይ የጥቁሮች የዓለም ሻምፒዮን የሚል ተጽፎ ነበር። ጆን አይዛክስ የተባለው ተጫዋች ምላጭ አንሥቶ «የጥቁሮች» የምትለውን ቃል ፈትቶ አወጣት። ዳግላስ ጃኬቱ ተበላሸ ብሎ ቢቈጣ፥ ማሳመሩ እንጂ ማበላሸቱ እንዳልሆነ መለሰለት። በእኔ አስተያየት እውነቱ ከአይዛክስ ጋራ ነው፤ የተሸነፉት ነጮች ጭምር ናቸውና።

በ1946 ዓ.ም. ተቋቁሞ በኋላ ኤን ቢ ኤ የሆነው ማኅበር ለሬንስ በሩን አልከፈተም። ቡድኑም በ1949 ዓ.ም. ተበተነ። በሚከተለው ዓመት ኤን ቢ ኤ ጥቁር ተጫዋቾችን ሲቀበል፥ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የቀድሞው የሬንስ ተጫዋች ናት ክሊፍተን ነበር። ቡድኑ በ1963 ዓ.ም. በቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ተመዘገበ፤ ዳግላስ ራሱ በ1972 ዓ.ም. በግሉ የተመዘገበ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በ1979 ዓ.ም. በ96 ዓመቱ ዐረፈ።