የቶሮ ደብተሮች

ደብተር መሰብሰብም ሱስ ይሆናል ብላችሁ የምትስቁብኝ አትጠፉም። እኔን ግን ሱስ ሆኖብኛል። በየስብሰባው የሚታደለው ማስታወሻ፣ ለአዲስ ዓመት የሚሰጠው አጀንዳ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ዐይቼ ማለፍ ያቃተኝ ጥቁር ልባድ ደብተር... ሁሉም ቤቴ ገብቷል። ታዲያ አብዛኞቹ ሁለት ሦስት ገጽ ተጽፎባቸው የቀሩ ናቸው።

የተጻፈባቸው የደረሰባቸውን ደግሞ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤት ስንቀይር፣ የተማሪነት ዘመኔን የያዙ ስምንት ደብተሮች ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ለቆራሌው ተሸጡ። ካርቶኑን ሳልከፍት አንስቼ የሰጠሁት ራሴ ነኝ። ትዝ ሲለኝ ሳምንት አልፎ ነበር። እስካሁን ቆሎ በተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልሎ ሲሰጠኝ ሳልገልጠው አላልፍም።

ከዚያ ወዲህ ነው የአሜሪካዊውን ጸሐፊ የሄንሪ ዴቪድ ቶሮን ሕይወት ደጋግሜ ማንበብ የጀመርኩት። ብዙዎቻችን የምናውቀው ለማይስማማበት መንግሥት ግብር አልከፍልም ብሎ አንድ ሌሊት መታሰሩን፣ ከዚያ የተነሣም የጻፈው ጽሑፍ ለጋንዲ መትረፉን ነው። እኔን የያዘኝ ግን ደብተሮቹ ናቸው።

ቶሮ በ1817 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከቦስተን 30 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ኮንኮርድ ተወለደ። አባቱ እርሳስ ሠሪ ነበሩ። ልጅየውም ከሃርቫርድ ተመርቆ እንኳ ከእርሳሱ ሥራ አልራቀም። ግራፋይቱን ከሸክላ አፈር ጋር እየቀላቀለ የቤተሰቡን እርሳስ በአገሩ ከሚሠሩት ምርጦቹ መካከል አሰለፈው። ሲቸግረው የሚመለሰውም ወደዚያው ነበር።

ጥቅምት 22 ቀን 1837፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ የመጀመሪያውን የዕለት ማስታወሻ ጻፈ። ማስታወሻ ይይዝ እንደሆነ የጠየቀው ሰው ነበር። ጠያቂው ጎረቤቱ፣ ደራሲውና ፈላስፋው ኤመርሰን ነው ተብሎ ይታመናል። ያቺ ጥያቄ 24 ዓመት አጻፈችው።

ወንድሙ ጆን የቅርብ ጓደኛው ነበር። በ1839 ራሳቸው በሠሯት ጀልባ ሁለት ሳምንት አብረው ተጉዘዋል፤ ትምህርት ቤትም አብረው ከፍተዋል። በ1842 ጥር ወር ላይ ጆን ምላጭ ሲስል ጣቱን ቆረጠው። ቀላል ቁስል ነበር። በቀናት ውስጥ ግን መንጋጋ ቆልፍ ሆኖ ሄንሪ እጅ ላይ ሞተ። ሄንሪም ቁስል ሳይኖርበት የዚያው በሽታ ምልክት ታየበትና ቤተሰቡ ሁለተኛ ልጅ ሊቀብር ነው ተብሎ ተሰጋ። ያን ጊዜ ደብተሩ ለሳምንታት ዝም ይላል። ኀዘኑን ከተጻፈው ገጽ ይልቅ ባልተጻፈው ዐየሁት።

በሐምሌ 1845 በዋልደን ኩሬ ዳር፣ በኤመርሰን መሬት ላይ፣ ራሱ በሠራት አንዲት ክፍል ጎጆ ገባ። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ኖረባት። አንዱ ምክንያቱ ከጆን ጋር ያደረገውን ጉዞ መጽሐፍ ለማድረግ ነበር። ይህን ሲያደርግ ደብተሮቹን አልማረም። የሚፈልገውን ገጽ እየቀደደ፣ እየቆረጠ፣ ወደ ረቂቁ ያዛውር ነበር። ደብተር ለእሱ ያን ጊዜ ድንጋይ ተፈልጦ የሚወሰድበት ካባ ነበር ማለት ይቻላል።

መጽሐፉ በ1849 በ1,000 ቅጂ ታተመ። አልተሸጠም። የማሳተሚያውን ዕዳ ከእጁ ሥራ ቀስ በቀስ የከፈለው ራሱ ቶሮ ነው። በ1853 አሳታሚው ቦታ አጣበቡብኝ ብሎ የቀሩትን 706 ቅጂዎች ላከለት። በጀርባው ተሸክሞ ሰገነት ላይ ወዳለው ክፍሉ አወጣቸው፤ ይህንኑም በደብተሩ ላይ አሰፈረው።

እኔ ብሆን በዚያ ቀን ብዕሬን እሰብር ነበር። እሱ ግን ቀደም ብሎ፣ በ1850 አካባቢ፣ አንድ ነገር ወስኗል። ገጽ መቅደድ አቁሟል። ከዚያ በኋላ ደብተሩ የሌላ መጽሐፍ ጥሬ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ሥራው ሆነ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ ለሰዓታት በእግሩ ይዞራል። ወረቀትና እርሳስ ኪሱ ውስጥ አሉ፤ ዕፅዋት የሚያደርቅበት አሮጌ የሙዚቃ ደብተር ደግሞ ብብቱ ሥር ነው። ያየውን በቁርጥራጭ ወረቀት ይጭራል። በማግስቱ ጠዋት ተቀምጦ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ጭረቱን ወደ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይገለብጠዋል። የትኛው አበባ መቼ ፈነዳ? ኩሬው መቼ በረዶ ሠራ፣ መቼስ ቀለጠ? የወንዙ ውሃ ስንት ኢንች ከፍ አለ? ዋልደን የተባለው መጽሐፉ ሰባት ጊዜ ተረቅቆ በ1854 ሲወጣ እንኳ ከሰዓት በኋላ ያለው ጉዞ አልተቋረጠም። ለደብተሮቹም ከጥድ እንጨት ሳጥን ሠራላቸው።

የመጨረሻው ገጽ የተጻፈው በኅዳር 1861 ነው። የሳንባ ነቀርሳ አድክሞታል። እሱ ግን ስለ በሽታው አልጻፈም። ከማዕበል በኋላ ዝናቡ በባቡር ሐዲዱ ጠጠር ላይ ትቶት ስለሄደው ምልክት ጻፈ። ግንቦት 6 ቀን 1862 በ44 ዓመቱ ሞተ።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ቆራሌ ትዝ የሚለኝ። ከ40 በላይ ደብተሮች፣ ሁለት ሚሊዮን የሚያህል ቃል፣ ላልተሳካለት ጸሐፊ! እቤት የቀረችው እህቱ ሶፊያ ግን ካርቶኑን ሳትከፍት የምትሰጥ ዓይነት አልነበረችም። ያልታተሙ ጽሑፎቹን ለኅትመት አበቃች፤ ደብተሮቹንም ከሳጥናቸው ጋር ጠብቃ ብሌክ ለተባለው ወዳጁ አስተላለፈች። በ1906 በ14 ቅጽ ታተሙ። ዛሬ አብዛኞቹ ኒውዮርክ በሚገኘው የሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

ጥቅማቸው ደግሞ ማንም ባላሰበው በኩል መጣ። በ2000ዎቹ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቶሮ ከ1852 እስከ 1858 የመዘገበውን የአበባ ጊዜ ከራሳቸው ምልከታ ጋር አስተያዩት። የኮንኮርድ አበቦች በአማካይ አንድ ሳምንት ያህል ቀድመው እንደሚያብቡ ተረዱ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሰማ ሰው ባልነበረበት ዘመን ለራሱ የጻፈው ማስታወሻ፣ ከ150 ዓመት በኋላ ምስክር ሆኖ ቆመ።

የእኔ ስምንት ደብተሮች ይህን ያህል ምስጢር ይዘው ነበር አልልም። ምን እንደያዙ ግን ረስቼዋለሁ፤ የሚቆጨኝም እሱ ነው። አንዱ ላይ የሞተው ጓደኛዬ በራሱ እጅ የጻፈው ግማሽ ገጽ እንደነበረ ብቻ አስታውሳለሁ።

አሁን አዲስ ደብተር መግዛት ትቻለሁ። ባለፈው እሑድ ከመሳቢያው አንዱን አወጣሁና ቀን ጻፍኩበት። ከቀኑ ሥር ያሰፈርኩት ዝናቡ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጀመሩን ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ ግን ለቤተሰቤ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፦ ሳታነቡ እንዳትሸጡት።