በወናፍ የተጀመረው የጨረቃ በረራ ልምምድ

ሊማሊሞን ለሚያውቅ የድብ ባሕር ልጅ ይሄ ነገር ግልጽ ነው። ጉም በወረደበት ጠመዝማዛ ላይ መኪና መንዳት አይለመድም። የሚለመደው ቀድሞ፣ ሌላ ቦታ ነው። እዚያ ከተሳሳትክ ገደል ነው።

ይሄንኑ ነገር ለአውሮፕላን ያሰበው ሰው ኤድዊን ሊንክ ይባላል።

ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1904 አሜሪካ፣ ኢንዲያና ተወለደ። ያደገው ቢንግሃምተን በምትባል የኒውዮርክ ግዛት ከተማ ሲሆን፣ አባቱ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ነበረው። በ1920 አብራሪ ለመሆን ለአንድ ትምህርት 50 ዶላር ከፈለ። አስተማሪው ሰማይ ላይ እያገላበጠ አዞረው እንጂ መሪውን አንዴም አላስነካውም። ብሩ እዚያው አለቀ።

ታዲያ መሬት ላይ ሆኖ በርካሽ መማር ቢቻልስ? ሊንክ በአባቱ ፋብሪካ ምድር ቤት ሥራ ጀመረ። ኦርጋን የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፤ ልክ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አለው። እነዚያን ወናፎች ከአንዲት ትንሽ የእንጨት አውሮፕላን ሥር ገጠማቸው። ተማሪው መሪውን ሲነካ ወናፎቹ ይነፋሉ ወይ ይሟሽሻሉ፤ አውሮፕላኗም ታጋድላለች። በ1929 ጨረሰው። የበረራ ትምህርት ቤቶች ግን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። አብዛኞቹን የገዙት የመዝናኛ ፓርኮች ናቸው፤ ለመጫወቻ ማለት ነው።

በ1934 የአሜሪካ ጦር ፖስታ በአውሮፕላን እንዲያደርስ ታዘዘ። አብራሪዎቹ በጉምና በጨለማ፣ መሣሪያ ብቻ እያዩ መብረር አልለመዱም። በጥቂት ወራት ከ10 በላይ ሞቱ። የጦሩ መኮንኖች ሊንክን ኒዋርክ ላይ ቀጠሩት። የዚያን ቀን ጉም ሰማዩን ዘጋው። አይመጣም ብለው ሊሄዱ ሲሉ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብሎ አረፈ። ጦሩ 6 ማሠልጠኛ ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ግማሽ ሚሊዮን ሰው በሊንክ ሳጥን ሠለጠነ።

በ1954 ኩባንያው ተሸጠ፤ ስሙ ግን ቀረ። የአፖሎ ጠፈርተኞች ወደ ጨረቃ ከመሄዳቸው በፊት የተለማመዱባቸውን ሲሙሌተሮች የሠራው ይሄው የሊንክ ድርጅት ነው። በ1970 የአፖሎ 13 ኦክስጅን ታንክ ፈንድቶ ኤሌክትሪክ ሲያልቅባቸው፣ መንኮራኩሩን መልሶ የማስነሻው ቅደም ተከተል መጀመሪያ የተሞከረው መሬት ላይ፣ በሲሙሌተር ነበር። ሦስቱም በሕይወት ተመለሱ።

ሊንክ ራሱ ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ባሕር አዙሮ ሰርጓጅ ጀልባ ይሠራ ነበር። በ1973 እሱ የነደፈው ሰርጓጅ በሰመጠ መርከብ ስብርባሪ ተያዘ። ውስጡ ከሞቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የገዛ ልጁ ነበር። ብዙዎች እዚህ ላይ ይተዉት ነበር። ሊንክ ግን ሰው ሳይገባበት በገመድ ወርዶ የተያዘ ሰርጓጅ የሚያስለቅቅ መሣሪያ ሠራ። በ1981 አረፈ።

ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎችም አዲስ አበባ ላይ በሲሙሌተር ይሠለጥናሉ። ኦርቢተር የሚባለው የጠፈር በረራ ፕሮግራም ደግሞ ከ2000 ጀምሮ በነፃ ይወርዳል፤ የቆዩት ቅጂዎች አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራሉ። የአፖሎ ኮምፒውተር ኮድም ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። የዚያ ኮምፒውተር ጊዜያዊ ሜሞሪ 4 ኪሎባይት ገደማ ነበር፤ ስልካችሁ ያነሳው አንድ ፎቶ እንኳ ይበልጠዋል።

ሊንክ ለማብረር 50 ዶላር ከፍሎ መሪውን ሳይነካ ተመለሰ። እናንተ መሪውን ለመንካት ያን ያህል አትከፍሉም። ወድቃችሁ ብትከሰከሱም እንደገና ትጀምራላችሁ።