ሜዳው የት ይሁን? የይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት

ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ «በሜዳዋ» ጋናን አስተናገደች። ውጤቱ 1 ለ 1። ጨዋታውን በስልካችሁ የተከታተላችሁ ታስታውሱት ይሆናል። «ሜዳዋ» የተባለው ግን አዲስ አበባም አልነበረም፣ ባሕር ዳርም አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ፣ ሶዌቶ ውስጥ ያለው ኦርላንዶ ስታዲየም ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ካፍ፣ የእኛን ስታዲየሞች ደረጃ አያሟሉም ብሎ ስላገዳቸው ዋልያዎቹ ባለሜዳ የሚሆኑበት አገር ፍለጋ ወጡ።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተቀልዷል። እኔ ዛሬ የማነሣው አንድ ሰው ነው። ካፍን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው፤ 15 ዓመትም መርተውታል። ደቡብ አፍሪካ ዘር መለየቷን እስክትተው ድረስ ከዓለም ኳስ እንድትገለል ግማሽ ዕድሜያቸውን ታግለዋል። ያ ያቋቋሙት ድርጅት የአገራቸውን ሜዳ ዘግቶ ቡድናቸውን ሶዌቶ ሲልከው አላዩም። ይድነቃቸው ተሰማ ይባላሉ።

የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ ልክ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ጅማ ነው። ያኔ ጅማ የአባ ጅፋር አገር ነበረች። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገሪቱ እንደገና በጠቅላይ ግዛት ስትከፋፈል ግን ጅማ የከፋ ዋና ከተማ ሆነች። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የጅማ ልጅ ማለት የከፋ ልጅ ማለት ነበር።

ቦንጋ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ነገሩ ይገባችኋል። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. እስኪማረኩ ድረስ ቦንጋ ከካፋ ነገሥታት መናገሻዎች አንዷ ነበረች። በኋላ ስሙ የካፋ፣ መቀመጫው ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ጅማ ሆነ። ቦንጋ የአውራጃ ከተማ ሆና ቀረች። መቀመጫ ሲሄድ መንገዱም፣ ቢሮውም፣ ሜዳውም አብሮ ይሄዳል። ይድነቃቸውም ዕድሜ ልካቸውን የታገሉት በዚሁ ጥያቄ ነው፤ መቀመጫው የት ነው? ሜዳውስ የማን ደጅ ነው?

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ይባላሉ። ግጥምና ዜማ የሚያውቁ፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ልጁ ግን ኳስ መረጠ። አዲስ አበባ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ለተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስም ከ20 ዓመት በላይ ተጫወተ።

ይህ ዘመን ቀላል ዘመን አልነበረም። ክለቡ ከተቋቋመ ከጥቂት ወራት በኋላ ፋሺስቶች አዲስ አበባ ገቡ። ሜዳ ላይ ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዳይጫወት ተከለከለ፤ የኢትዮጵያውያን ቡድኖች ለብቻቸው ተደረጉ። ጊዮርጊስም ስሙ ተቀይሮ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። አስቡት፤ በገዛ ከተማችሁ፣ በገዛ ሜዳችሁ፣ ከማን ጋር እንደምትጫወቱ ሌላ ሰው ይወስናል። የክለባችሁን ስም እንኳ እሱ ይሰይመዋል። ይድነቃቸው በጉርምስናቸው ያዩት ኳስ ይህን ይመስል ነበር። በኋላ የደቡብ አፍሪካን ጉዳይ ለምን እንዲያ አጥብቀው እንደያዙት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የአገሪቱን ስፖርት እንደ አዲስ ካደራጁት ሰዎች አንዱ ሆኑ። እየተጫወቱም ያደራጁ ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን በ1940 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አድርጎ የዛሬዋን ጅቡቲ 5 ለ 0 አሸነፈ። እሳቸውም የአገራቸውን መለያ 15 ጊዜ ለብሰዋል።

ከዚያ ካርቱም። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ተሰብስበው ካፍን አቋቋሙ። አራት አገር ብቻ! ሱዳን ነጻ ከወጣች ገና ዓመቷ ነበር፤ አብዛኛው አፍሪካ ደግሞ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ካርቱም በዚያው ሳምንት ተጀመረ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም ስላለች ከውድድሩ ወጣች። ሦስት ቡድን ቀረ። ከደቡብ አፍሪካ ጋር የተመደበችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

የካፍ መቀመጫም ቢሆን ካርቱም አልረጋም። የሱዳን እግር ኳስ ማኅበር ቢሮ በእሳት ሲጎዳ ጽሕፈት ቤቱ ወደ ካይሮ ሄደ። በጊዜያዊ ችግር የሄደ መቀመጫ ግን እንደ ወጣ ቀረ፤ ይኸው ከ60 ዓመት በላይ ሆነው፣ አድራሻው ግብፅ ነው።

ጥር 1954 ዓ.ም. ዋንጫው አዲስ አበባ መጣ። ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ነበሩ። ጥር 13 በተደረገው ፍጻሜ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፣ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች። ጭማሪው ሰዓት ላይ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አገቡና 4 ለ 2 አለቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያ ዋንጫ እስከ ዛሬ ብቸኛችን ነው። የገዛ ሜዳ ምን ያህል ጉልበት እንደሆነ ለማወቅ ያን ቀን ማስታወስ ይበቃል።

ታዲያ ሜዳ ማለት ሣርና መስመር ብቻ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዋንጫውን ዳግም ስታስተናግድ ውድድሩ አዲስ አበባና አስመራ ላይ ተከፍሎ ተካሄደ። ስምንት ቡድኖች የተሳተፉበት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ስለነበር ሁለት ከተማ ያስፈልግ ነበር። ግን አስመራ የተመረጠችው ሜዳ ስላላት ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ካለ ታሪኩን ደግሞ ያንብብ። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ ኤርትራ ውስጥ የትጥቅ ትግል ተጀምሯል። የአህጉር ውድድር አስመራ ማድረግ ለመንግሥት ከተማዋ የኢትዮጵያ ናት የሚል መልእክት ነበረው። የቫሳሎ ወንድማማቾች ከተማ ግን ኳሱን ከልቧ ትወድ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የድሬዳዋ ሆነ። ምድብ አንድ አዲስ አበባ፣ ምድብ ሁለት ድሬዳዋ። በመጨረሻ ሞሮኮ ዋንጫውን ወሰደች፤ ኢትዮጵያ ከምድቧ አላለፈችም። ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ ድሬዳዋ የሶማሊያ ጦር ደጇ ድረስ የመጣባት ከተማ ነበረች። ኳስ የተጫወቱባት ቡድኖች አገራቸው ገብተው ገና ሳይረሱዋት።

ይድነቃቸው ያኔ የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው መሩት። ከዚያ በፊት በ1963 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነዋል። ትልቁ ሙግታቸው ግን ከፊፋ ጋር ነበር። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ እንኳ አልሰጠም፤ አፍሪካና እስያ ለአንድ ቦታ ይጋፉ አለ። አፍሪካ ተባብራ ውድድሩን ረገጠች። ይህን አድማ ከመሩት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ለአፍሪካ የራሷ አንድ ቦታ ተሰጣት። በ1974 ደግሞ ሁለት ሆነ። ዛሬ ሞሮኮ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች ብለን ስንጨፍር በሩን የከፈቱት እነዚያ እንቢ ባዮች መሆናቸውን አንርሳ።

የደቡብ አፍሪካው ጉዳይ ከዚህም ረጅም ነበር። ፊፋ በ1954 ዓ.ም. አገደ፣ ቆይቶ እገዳውን አነሣ፣ እንደገና አገደ። ሙግቱ 15 ዓመት ያህል ፈጀ። በሰኔ 1968 ዓ.ም. የሶዌቶ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ሊሰበሰቡ ያሰቡት የት እንደነበር ታውቃላችሁ? ኦርላንዶ ስታዲየም። ሳይደርሱ ተተኮሰባቸው። በሚቀጥለው ወር ሞንትሪያል ላይ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አባረራት።

ሰው ናቸውና ሁሉም ውሳኔያቸው አላስጨበጨበም። የአፍሪካ ልጆች ወደ አውሮፓ ክለቦች መፍለሳቸው ያንገበግባቸው ነበር። ለዓመታት የሠራ አንድ ደንብ ነበር፤ አንድ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ከአህጉሩ ውጭ የሚጫወቱ ከሁለት በላይ ተጫዋቾች ማሰለፍ አይችልም። ሐሳቡ የአገር ቤቱ ሜዳ ባዶ እንዳይቀር ነበር። ነገር ግን እንጀራውን ፍለጋ የሄደ ልጅ በአገሩ መለያ እንዳይጫወት መከልከል ቅጣት ነው ያሉም ትክክል ነበሩ። ደንቡ በኋላ ተነሣ፤ ፍልሰቱም ቀጠለ።

አስተናጋጅ ሲጠፋም አይተዋል። የ1976 ዓ.ም. ዋንጫ ለማላዊ ተሰጥቶ ነበር፤ ማላዊ አልችልም ስትል ወደ ኮትዲቯር ሄደ። ይህቺን ማላዊ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በካንሰር ሕመም በ65 ዓመታቸው አረፉ። ደቡብ አፍሪካ ነጻ ስትወጣ አላዩም። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አስተናግዳ ስትወስደው አላዩም። የዓለም ዋንጫ በ2002 አፍሪካ ምድር ሲረግጥም አላዩም። ሦስቱም የሥራቸው ፍሬ ነበር።

አሁን ወደ ኅዳር 2014 እንመለስ። ዋልያዎቹ ሶዌቶ ላይ ባለሜዳ ሆነው ተጫወቱ። በሰኔ 2 ቀን 2014 ደግሞ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። 60 ዓመት ቀድሞ አዲስ አበባ ላይ የወደቀችው ያችው ግብፅ ናት፤ የአሁኑ ግን ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ። ያኔ ዋንጫውን አልችልም ያለችው አገር ዛሬ ስታዲየም አበደረችን። ደስ ብሎን ጮኽን፤ ግን ቦንጋም ጅማም አዲስ አበባም ያለ ደጋፊ ትኬት ቆርጦ ሊገባ አይችልም ነበር።

በዚያው ኅዳር ወር 2014 ቦንጋ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። ክልሉ መቀመጫውን አንድ ከተማ ላይ አልቆለለውም፤ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ተርጫና ቴፒ እንዲካፈሉት ተደረገ። ይህ አሠራር ወጪ ያበዛል የሚሉ አሉ። ግን መቀመጫ ርቆበት የሚያውቅ ሕዝብ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ለመረዳት አይከብድም።

ስታዲየም ላይስ? አዲስ አበባ ቦሌ ከ60 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ የተጀመረው አደይ አበባ ስታዲየም ግንባታው ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት ፈጅቷል። ፕሪሚየር ሊጉ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ክለቦችን ሰብስቦ በተመረጡ ከተሞች መጫወት ጀመረ፤ ጅማም ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች። ለቴሌቪዥን ይመቻል፤ የክለብን የጉዞ ወጪም ይቀንሳል። ግን ካፋ ቡና ነገ ሊጉን ቢቀላቀልና አሠራሩ እንዲሁ ቢሆን፣ የቦንጋ ልጅ ክለቡን የሚያየው በስልኩ ነው።

ካፍ የሚጠይቀው ተአምር አይደለም፤ ደልዳላ ሜዳ፣ መብራት፣ መልበሻ ክፍል፣ የተመልካች ወንበር፣ የጋዜጠኞች ቦታ ነው። ለአንድ ግዙፍ ስታዲየም የሚወጣው ገንዘብ ስንት እንዲህ ያሉ ሜዳዎችን ይሠራል? ይህን ጥያቄ ለባለሥልጣን ብቻ አትተዉት። በከተማችሁ የኳስ ሜዳ ተብሎ የተያዘ መሬት ወዴት እየሄደ እንደሆነ ጠይቁ፤ ለሕንጻ ከተሰጠ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ጅማ የተወለደው ያ የእንቁጣጣሽ ልጅ ዓለምን ዞሮ የተሟገተው አፍሪካ በሌላው ፈቃድ እንዳትጫወት ነው። እኛ ደግሞ በገዛ እጃችን ሜዳችንን ሳንሠራ ቀርተን በሰው አገር ባለሜዳ ሆንን። ለእሳቸው ሐውልት ከማቆም በፊት ካፋ ውስጥ አንድ ልጅ ሳይሳፈር የሚደርስበት ደህና ሜዳ ብናሠራ፣ ስማቸውን ያስታወስነው ያኔ ነው።