ተራራ ሊያይ ሄዶ የቀረው ሠዓሊ

ሰው ተራራ አይቶ ይመለሳል፤ ልማዱ ነው። ሩሲያዊው ሠዓሊ ኒኮላስ ሮሪክ ግን የሂማላያን ተራሮች ሊያይ ሄዶ ከግርጌያቸው ሃያ ዓመት ገደማ ኖረ፤ እዚያው ሞተ። ለመሆኑ ምን አስቀረው? ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮሪክ በ1874 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ስለነበሩ ልጃቸውም ሕግ እንዲማር ፈለጉ። ልጁ ደግሞ ነፍሱ ሥዕል ላይ ነው። ታዲያ ምን አደረገ? ዩኒቨርሲቲም ሥነ ጥበብ አካዳሚም ገብቶ ሁለቱንም ባንዴ ተማረ። በ1901 ሄለናን አገባ፤ ዩሪና ስቬቶስላቭ የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። በ1913 ፓሪስ ላይ ተመልካቹን ለሁለት ከፍሎ ያስጮኸው የስትራቪንስኪ ባሌት መድረክና አልባሳት የእሱ ሥራ ነበሩ።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ ቤተሰቡ ከአገር እንደወጣ ቀረ። በለንደንና በኒውዮርክ ከኖሩ በኋላ በ1923 መጨረሻ ሕንድ ገቡ። ከ1925 እስከ 1928 ደግሞ የመካከለኛውን እስያ በረሃና ተራራ ዞሩ። ጉዞው ቀላል አልነበረም። የቲቤት ባለሥልጣናት አናሳልፍም ብለው በዚያ የበረዶ ወራት አምስት ወር ያህል በድንኳን አቆዩአቸው። ከሰዎቹ የሞቱ አሉ፤ ከጭነት ከብቶቻቸውም ብዙዎቹ አለቁ።

ከዚህ ሁሉ እንግልት በኋላ ነው ኩሉ ሸለቆ ውስጥ ናጋር የምትባል መንደር የከተሙት። ከታች የቢያስ ወንዝ፣ ከላይ በረዶ የለበሱ ጫፎች፤ መሐል ላይ ዛፍ የከበበው ቤት። ሮሪክ እዚያ ተረጋግቶ ይሥላል፣ ይጽፋል። ተራራው በየሰዓቱ ቀለሙን ይለዋውጣል፣ እሱም ያንኑ ተራራ ደጋግሞ ይሥላል። አይሰለቸውም እኮ!

ግን ይህ እረፍት ሥራ መፍታት እንዳይመስላችሁ። ቤተሰቡ ኡሩስቫቲ የተባለ የምርምር ተቋም ከፍቶ ነበር። የአካባቢውን መድኃኒት ዕፅዋት ይሰበስባሉ፣ የቲቤትን ቋንቋና የሕክምና ዕውቀት ያጠናሉ። ሮሪክ ራሱ ደግሞ፣ ቀይ መስቀል በጦርነት ቁስለኛን እንደሚጠብቅ ሁሉ ሙዚየሞችን፣ ትምህርት ቤቶችንና ቅርሶችንም የሚጠብቅ ሕግ ይኑር እያለ ይሟገት ነበር። ሐሳቡ ሠመረለት። ሚያዝያ 15 ቀን 1935 ዋሽንግተን ላይ 21 የአሜሪካ አህጉር አገሮች ስምምነቱን ፈረሙ። በ1954 የወጣው የሄግ የቅርስ ጥበቃ ስምምነትም በመግቢያው ይጠቅሰዋል።

ችግሩ ግን ከተራራው ማዶ ነበር። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ያሉት ደጋፊዎቹ ተጣሉት፣ የግብር ክስ ተከተለ፣ በስሙ የተሠራው ሙዚየምም ከእጁ ወጣ። ገንዘብ ሲጠፋ የናጋሩ ተቋምም ተዳከመ። ሰውየው ግን ሥዕሉን አልተወም። በ1942 ኔህሩ ከልጃቸው ከኢንዲራ ጋር መጥተው ለቀናት በእንግድነት ተቀምጠዋል። በጦርነቱ ጊዜም ሥዕሎቹን እየሸጠ ለአገሩ ለሶቪየት ኅብረት ረድቷል።

አገሩ ከልቡ አልወጣችም ነበር ማለት ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ልመለስ ብሎ ጠየቀ፤ ፈቃዱን ሳያገኝ ግን ታኅሣሥ 13 ቀን 1947 ናጋር ላይ አረፈ። አስከሬኑ በአገሬው ወግ እዚያው ተቃጠለ፣ ቦታው ላይም የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመ።

አባት ያላገኘውን መንገድ ልጅ አገኘው። ዩሪ በ1957 በመቶዎች የሚቆጠሩ የአባቱን ሥዕሎች ይዞ ሶቪየት ኅብረት ገባ፤ በማግስቱ ዓመትም ሞስኮ ላይ ለሕዝብ ታዩ። ሮሪክ ለአገሩ የበቃው በተራራዎቹ በኩል ነው።