ጥሬ ቡና፣ ጥሬ ተጫዋች፦ የይድነቃቸው ተሰማ ሙግት

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው የማያመልጠው አንድ ምሳሌ አለ፤ ቡና። ጥሬውን በጆንያ እንልካለን፣ ሌላው ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ በሚያምር ካርቶን አሽጎ በብዙ እጥፍ ይሸጠዋል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ይህን ምሳሌ ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጥረውም፤ ሰልችቶኝ ነበር። ሰሞኑን ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሳነብ ግን ይኸው ሐሳብ እግር ኳስ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሰውየው ልጆቿን ለአውሮፓ ክለቦች አሳልፋ የምትሰጥ አፍሪካ ዘላለም ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና ትቀራለች ብለው ይሟገቱ ነበር። ይህን ሲሉ እኔ አልተወለድኩም። ይህን የምታነቡ አብዛኞቻችሁም እንደዚያው።

ስማቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሕይወታቸውን ግን ስንቶቻችን ነን የምናውቀው? እኔ በበኩሌ ከካፍ ፕሬዚዳንትነታቸው ውጭ ብዙም አላውቅም ነበር። (ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት፦ የአገር ቤቱን ነገር በእኛ አቆጣጠር፣ የውጭውንና የውድድሮቹን በፈረንጆቹ እጽፋለሁ፤ እንዳትምታቱ።)

መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። አዎ፣ እኚያው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት፣ የኢትዮጵያ የሸክላ ዘፈን ታሪክ ሲነሣ ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው ሰው። ልጅየው ግን ዜማውን ትቶ ኳሱን ያዘ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማሩ፣ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሰፈር ልጆች ቡድን ተመሠረተ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ይድነቃቸው ገና በጉርምስናቸው ገቡበት፤ ለ23 ዓመታትም አልወጡም። በሚጠቀሰው መዝገብ መሠረት በ365 ጨዋታ 318 ጎል አግብተዋል። ዛሬ ቢሆን በየሳምንቱ ቲክቶክ ላይ የሚዞር ቁጥር ነው።

ቡድኑ ገና ሳይጠና ግን ጣሊያን መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ሜዳውንም ለየው፤ ነጭ ለብቻው፣ የአገሬው ሰው ለብቻው። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተቀምቶ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። አስቡት፤ ዕድሜህ 15 ወይም 16 ነው፣ በገዛ ከተማህ ከማን ጋር ኳስ መጫወት እንደምትችል ሌላ ሰው ይወስንልሃል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ሰውየው ደቡብ አፍሪካን በተመለከተ ለምን አንዲት ጋት እንዳላፈገፈጉ ሲገርመን ወደዚህ ነው መመለስ ያለብን።

ከነፃነት በኋላ ጊዮርጊስ ፎርቲቱዶ የሚባለውን የጣሊያኖች ቡድን ገጥሞ አሸነፈ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ የነበሩት ቡድኖች ዝርዝር በራሱ ያስቃል፤ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን እና ጊዮርጊስ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። በኢትዮጵያ ሻምፒዮና ከአምስቱ ቡድኖች አራቱ የውጭ ሰዎች! በዚያው ሰሞን የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ሲቋቋም ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። እየተጫወቱ ደንብ ያወጣሉ፣ ውድድር ያዘጋጃሉ፣ ቢሮ ይመራሉ። ዛሬ ቢሆን የጥቅም ግጭት ብለን ፌስቡክ ላይ እንጮህባቸው ነበር፤ ያኔ ግን ሌላ የሚሠራው ሰው ከየት ይምጣ?

የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሆነው ካፍን መሠረቱ፤ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ሲካሄድ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች። ከውድድሩ ወጣች። እኛም ሳንጫወት ለፍጻሜ ደረስንና ግብፅ 4 ለ 0 ቀጣችን፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። መርህ ነፃ አይደለም የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው መሰለኝ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። አሠልጣኙ ይድነቃቸው። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ 2 ለ 0 ስትመራን ተነሥተን 4 ለ 2 አሸንፈናል። በፍጻሜው ግብፅ ሁለቴ መራች፣ ሁለቴም አቻ ሆንን፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨርሰው 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው።

ይህን ድል ሁሉም ያወራል። እኔን የገረመኝ ግን ልጆቹ ከየት እንደመጡ ነው። ሉቻኖና ወንድሙ ኢታሎ የአስመራ ልጆች ናቸው፤ እናታቸው ኤርትራዊት፣ አባታቸው ጣሊያን። ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይጫወት በተከለከለበት ሜዳ ያደጉት አሠልጣኝ፣ ነፃነት በተመለሰ በ21ኛው ዓመት አምበላቸው የጣሊያን ልጅ ነበር። ሉቻኖ ከአስመራ ወደ ድሬዳዋ ሄዶ ለጥጥ ማኅበር ተጫውቷል፤ ጥጥ ማኅበር ደግሞ የፋብሪካ ቡድን ነው። ያ የፋብሪካ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1965 ባሉት ስድስት ዓመታት ብቻ አራት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ደግሞ ዋንጫው ወደ ሐማሴን፣ ወደ አከለ ጉዛይ ይሄድ ነበር።

ይኼ ምን ማለት ነው? የአገሪቱ ኳስ አዲስ አበባ ላይ ብቻ አልተቀመጠም ነበር ማለት ነው። ድሬዳዋ ፋብሪካ ነበራት፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበረው፣ ሠራተኛው ቡድን ነበረው፣ የሠፈሩ ልጅም አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የሚያየው ትልቅ ተጫዋች ነበረው። ማንም የአካዳሚ ጥናት አልጻፈም። ሥራ ያለበት ቦታ ላይ ኳስ በቀለ፣ በቃ። ብሔራዊ ቡድኑ ከዚያ ለቀመ። እ.ኤ.አ. በ1968 አገሪቱ የአፍሪካን ዋንጫ ስታዘጋጅ አስመራ፣ በ1976 ደግሞ ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ጎን አስተናጋጅ መሆናቸው ለወጉ ብቻ አልነበረም።

የዓለም ዋንጫውን ነገር ቶሎ ልለፈው። እ.ኤ.አ. ለ1966ቱ ውድድር ፊፋ ለአፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ ስላልሰጠ አህጉሩ አልሳተፍም አለ፤ ከግንባር ቀደሞቹ የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ነበሩ። ለ1970 አንድ ቦታ ተሰጠ። ለ2026 ዘጠኝ ሆኗል።

1976 ግን ቆም ያሰኛል። ራግቢ የሚባለውን ጨዋታ ልደታ ውስጥ ሞላላ ኳስ ከማለት አልፎ የሚያውቀው ብዙ ሰው አላገኘሁም፤ ነገር ግን የአንድ ሙሉ የኢትዮጵያ ስፖርተኛ ትውልድ ዕድል በራግቢ ተወስኗል። የሶዌቶ ተማሪዎች በጥይት በተገደሉበት ሰሞን የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካን እየዞረ ይጫወት ነበር። ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ትውጣ የሚለው ጥያቄ ተቀባይነት ሲያጣ ከሃያ በላይ አገሮች፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ውድድሩን ጥለው ቀሩ። ምሩጽ ይፍጠር አልሮጠም። አራት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ አመጣ፤ አራት ዓመት መጠበቅ ያልቻሉትን ግን ማን ያስታውሳቸዋል? በዚያው ወር፣ በዚያችው ሞንትሪያል፣ የፊፋ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አባረረ። ይህን ለማስወሰን ለዓመታት ከተሟገቱት ፊት ቀዳሚው ያኔ የካፍ ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ናቸው። ትክክል ነበሩ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አዎ ነው መልሴ። ዋጋውን የከፈለው ወጣቱ ነው ወይ ብትሉኝም አዎ ነው።

ለካፍ ፕሬዚዳንትነት የተመረጡት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ እስኪሞቱ ድረስ፣ 15 ዓመት መሩት። የቡናው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን ከውጭ አገር ክለብ ሊያሰልፍ የሚችለው ሁለት ተጫዋች ብቻ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ልጁ አገሩ ላይ ይደግ፣ ሊጉ ይጠንክር፣ ተመልካቹም የራሱን ኮከብ በየሳምንቱ ይይ። ይድነቃቸው ይህን አቋም አጥብቀው ያዙት። ጎበዙ ሁሉ ከሄደ በአገር ቤት የቀረው ሊግ ይደርቃል፣ ሊጉ ከደረቀ ቀጣዩ ጎበዝ አይወጣም፤ ክርክራቸው ይኼ ነበር። ነገር ግን ደንቡ እ.ኤ.አ. ከ1982ቱ ውድድር ጀምሮ ተነሣ፤ እሳቸው ወንበሩ ላይ እያሉ።

እዚህ ላይ ከሰውየው ጋር በግማሽ ነው የምስማማው። በሽታውን በትክክል አይተውታል። መድኃኒቱ ግን በሩን መዝጋት ነበር፤ በር ሲዘጋ የሚጎዳው ደግሞ ልጁ ነው። ቤተሰቡን ከድህነት ሊያወጣበት የሚችለው እግሩ ብቻ የሆነን የ19 ዓመት ልጅ ለአህጉሩ ሊግ ስትል እዚህ ቆይ ማለት ቀላል አይደለም። ቡና አይራብም፤ ተጫዋች ይራባል። ጥያቄው ልጁ ሲሄድ ያሠለጠነው ቦታ ምን ያገኛል የሚለው ነበር። በእሳቸው ዘመን ለዚህ በቂ መልስ አልነበረም።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። በእንቁጣጣሽ የተወለዱት ሰው በቡሄ ዕለት ሄዱ። ብሔራዊ ቡድናችን እ.ኤ.አ. ከ1982 በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ጠፍቶ ቆየ፤ ሲመለስ የት ተመለሰ? ደቡብ አፍሪካ። የሰውነት ቢሻው ልጆች አብዛኞቹ ከአገር ውስጥ ክለቦች ነበሩ፣ ልክ ይድነቃቸው እንደሚመኙት። ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጡ፤ ሠፈሩ ሁሉ ያበደበትን ቀን ታስታውሳላችሁ። ቀጥሎ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉንና ተመለስን።

የይድነቃቸውን ጥያቄ ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ በከፊል መልሶታል። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከክለብ ወደ ክለብ ሲሸጥ ከዋጋው እስከ 5 በመቶ የሚሆነው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። በቁጥር እንየው። ልጁ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ፣ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ድረስ አራት የውድድር ዘመን የያዘው የሠፈር ክለብ 10,000 ዶላር ይደርሰዋል። 10,000 ዶላር በብር ስንት እንደሆነ ስልካችሁ ላይ አስሉት፤ ስንት ኳስ፣ ስንት ማሊያ፣ ስንት ዓመት የሜዳ ኪራይ እንደሚሸፍን።

ገንዘቡ የሚመጣው ግን ልጁ በዚያ ዕድሜው በፌዴሬሽን የተመዘገበ ከሆነ ነው። የእኛ ክለቦች ደግሞ አብዛኞቹ ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ድርጅት በሚመጣ በጀት ይኖራሉ፤ በጀቱ ለዓመት ነው፣ ልጅ ለማሳደግ ግን አሥር ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ የሚሻለው ያለቀለትን ተጫዋች መግዛት ይሆናል። ዋጋው ሰማይ ሲነካ በ2011 ዓ.ም. ክለቦቹ የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር ይሁን ብለው ተስማሙ። ለትልቁ ጣሪያ ሠሩ፤ ለትንሹ ወለል የሠራለት የለም።

እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። የድሮው ሠፈር ፈርሶ ፎቅ ሲሠራ ለመኪና ማቆሚያ ተተወ፣ ለኳስ ግን ቦታ አልተረፈም፤ ልጆቹ በቆሙት መኪኖች መሃል ነው የሚጫወቱት፣ መስታወት ሲነካ ዘበኛው ያሯሩጣቸዋል። ትንሽ የሚችሉት ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ሜዳ ፍለጋ ራቅ ብለው ፕሮጀክት ይሄዳሉ። አሠልጣኛቸው ደመወዝ የለውም፤ ሌላ ሥራ እየሠራ ነው የሚያሠለጥናቸው። ከመሃላቸው አንድ ግራ እግረኛ አለ፣ 13 ዓመቱ፣ ሳየው ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ባለፈው አሠልጣኙን ደብተሩን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። የልጆቹ ስም፣ የሠፈር ቅጽል ስማቸው፣ የእናቶቻቸው ስልክ ቁጥርና ማን የማሊያ ብር እንዳልከፈለ ይዟል። የምዝገባ ቁጥር የሚል ዓምድ የለውም።